ሁለት ግራፊክስ ካርድ ለሚሸከም ኮምፒውተር ምን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ከደወሉልን አድማጮች አብዛኞቹ ያነሱት ሁለት ግራፊክስ ካርድ ስለተገጠመለት ኮምፒውተር ነው። ሁሉም ስለ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ ስለሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ዋት ይጠይቃሉ። ዋቱን አስልቶ ማግኘት ግን አያስቸግርም፤ ብዙ ጊዜ ማሽን የሚያጠፋውና ማገናኛ የሚያቀልጠው ድንገተኛው የኃይል ዝላይና የኬብሉ አገጣጠም ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርዶች አሉኝ። እያንዳንዱ 350 ዋት ይወስዳል ተብሏል። ለሁለቱ 700፣ ለተቀረው 150 ብዬ ባለ 850 ዋት ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም። አንደኛ፣ ለተቀረው 150 ዋት ያንሳል። ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ብቻውን ከ150 እስከ 250 ዋት ይወስዳል። ለማዘርቦርድ፣ ለሚሞሪ፣ ለዲስክና ለፋን ሌላ 75 ዋት ይያዙ። ካርዶቹ 700፣ ፕሮሰሰሩ 225፣ ሌላው 75 ቢሆን 1,000 ዋት ሞላ።

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስበው ነው። 350 ዋት ማለት አማካይ ፍጆታ ነው። ካርዱ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ይዘልና ይመለሳል፤ 3090 ደግሞ በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል ሲያሠለጥኑ ሁለቱ ካርዶች እየተጠባበቁ እኩል ስለሚሠሩ ዝላያቸውም አንድ ላይ ሊገጥም ይችላል። ያን ጊዜ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ አደጋ የደረሰ መስሎት ይቆርጣል።

ስለዚህ ከደረሱበት ድምር ላይ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምሩ፤ ለእርስዎ ከ1,250 እስከ 1,300 ዋት ይመጣል። ሲገዙ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ኤቲኤክስ 3.0 የተባለ የፓወር ሰፕላይ ደረጃ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣውን የሚያሟላ ይምረጡ። ይህ ደረጃ ለ100 ማይክሮሰከንድ ከተጻፈው አቅም እጥፍ የሚደርስ ዝላይ እንዲችል ያስገድዳል። የቀድሞው ትውልድ ከሆነ ግን 1,500 ወይም 1,600 ቢሆን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዋጋው ረከስ ያለ ባለ 1,000 ዋት አየሁ፤ ላዩ ላይ ጎልድ የሚል ምልክት አለው። ልመነው?

መልስ፦ ጎልድ የሚለው ስለ ብክነት እንጂ ስለ አቅም አይናገርም። ባለ 1,000 ዋቱ ሙሉ ጭነት ላይ በ87 በመቶ ብቃት ቢሠራ ከሶኬቱ 1,150 ዋት ገደማ ይስባል፤ ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው ግን ያው 1,000 ነው።

ከምልክቱ ይልቅ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ያንብቡ። ካርዱም ፕሮሰሰሩም የሚመገቡት ከ12 ቮልት ነውና በዚያ ዓምድ ሥር ያለውን አምፔር በ12 ያባዙት። 83 አምፔር ከሆነ 996 ዋት፣ ጥሩ ነው። 70 አምፔር ከሆነ ግን 840 ዋት ብቻ ነው፤ የቀረው በ5 እና በ3.3 ቮልት በኩል ስለተቆጠረ ለካርዶችዎ አይጠቅምም። 12 ቮልቱ በበርካታ መስመሮች ተከፋፍሎ ከተጻፈ፣ የሁለቱን ካርዶች ኬብሎች በአንድ መስመር ላይ አይደርድሩ።

ጥያቄ፦ ሥራ ስጀምር ኮምፒውተሬ ድርግም ብሎ ይጠፋል። የማብሪያ ቁልፉን ብጫነውም አይነሳም፤ ገመዱን ነቅዬ ስመልሰው ነው የሚነሳው። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የነገሩን ምልክት በአብዛኛው የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ መቁረጡን ያሳያል። ዊንዶውስ መዝገብ ላይ ከርነል ፓወር 41 የሚል ያገኙ ይሆናል፤ እሱ ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እንዲህ ይፈትኑት። ከካርዱ ሾፌር (ካርዱን ከሚያሠራው ሶፍትዌር) ጋር በሚመጣው መቆጣጠሪያ የእያንዳንዱን ካርድ የኃይል ጣሪያ ከ350 ወደ 280 ዋት ዝቅ ያድርጉ። ከሁለቱ 140 ዋት ያተርፋሉ፤ የፍጥነቱ ቅነሳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከኃይሉ ቅነሳ ያነሰ ነው። መጥፋቱ ከቆመ ችግሩ የኃይል ነው። ካልቆመ የካርዱን ከፍተኛ የክሎክ ፍጥነት ይገድቡ፤ የኃይል ጣሪያው አማካዩን እንጂ የአፍታውን ዝላይ ሙሉ በሙሉ አይይዘውም። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ጣሪያው ወደ ነበረበት ሊመለስ ስለሚችል ሲነሳ ራሱ እንዲያስተካክለው ያድርጉ።

የሚጠፋው ገና ሲጀምር ሳይሆን ከ20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ከሆነ ግን ሙቀትን ይጠርጥሩ። አቧራ የያዘ ፋን፣ ወይም የፓወር ሰፕላዩ አየር መሳቢያ ወደተዘጋ ወለል ዞሮ መገጠሙ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው አንድ ኬብል ጫፉ ላይ ሁለት ባለ 8 ፒን ራስ አለው። ሁለቱንም በአንድ ካርድ ላይ ልሰካ?

መልስ፦ ለእንዲህ ዓይነት ካርድ አይሰኩ። አንድ ባለ 8 ፒን ማገናኛ 150 ዋት፣ ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ስሎት ደግሞ 75 ዋት እንዲያቀርቡ ነው ደረጃው የሚፈቅደው። ሁለቱን ራሶች በአንድ ገመድ ሲመግቡ 300 ዋት በዚያው ሽቦና በፓወር ሰፕላዩ በኩል ባለችው አንድ መሰኪያ ያልፋል። አንዳንድ አምራቾች ይህን ይፈቅዳሉ፤ ቢሆንም ሙቀቱ እዚያችው ነጥብ ላይ ይከማቻል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ራስ የራሱ ኬብል ይሁን። ሁለቱ ካርዶች ሦስት ሦስት መሰኪያ ካላቸው ስድስት ኬብል ያስፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላዩ ያን ያህል መውጫ እንዳለው ሳይገዙ በፊት ይቁጠሩ።

ኬብል ጎደለ ብለው ከሳታ (ለዲስክ ኃይል ከሚሰጠው ማገናኛ) ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር እንዳይጠቀሙ። የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው፤ 150 ሲጠየቅ ይቀልጣል። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብልም አይዋሱ። በካርዱ በኩል ያለው ራስ አንድ ዓይነት ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር የጋራ ደረጃ የለውም፤ አንዳንዴ በአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች መካከል እንኳ ይለያያል። ሳይታይ ይገባል፣ ሲበራ ያቃጥላል።

በአዲሶቹ ካርዶች ላይ ያለው እስከ 600 ዋት የሚያሳልፈው ባለ 16 ፒን ማገናኛ ደግሞ ክፍተት ሳይተው እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ገመዱንም ከራሱ ሥር ወዲያው አይጠፉት፤ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ማዘርቦርዴ ላይ ከስሎቶቹ አጠገብ ባዶ ባለ 6 ፒን መሰኪያ አለ። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ለስሎቶቹ ተጨማሪ ኃይል ነው። ሁለት ካርዶች ከስሎት 75፣ 75 ዋት ቢስቡ 150 ዋት በዋናው ባለ 24 ፒን ማገናኛ ላይ ባሉት ሁለት የ12 ቮልት ፒኖች ያልፋል። የማዘርቦርዱ መመሪያ እንደሚለው ይሰኩት።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትናንሽ ፓወር ሰፕላዮች ባጣምርስ?

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን አንድ ባለ 1,600 ዋት የሚበቃ ከሆነ አንዱን ይምረጡ። የግድ ከሆነ ሁለቱ አብረው እንዲበሩና እንዲጠፉ የሚያደርግ ማጣመሪያ አዳፕተር ይግጠሙ፤ ግራውንዳቸውም የጋራ ይሁን። ዋናው ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና አንደኛውን ካርድ ይመግብ፤ ሁለተኛው ሌላኛውን ካርድ። የአንድ ካርድ ኬብሎችን ለሁለት ከፍለው አይሰኩ። ካርዱ በራይዘር (ከስሎቱ አርቆ በሚያገናኘው ማራዘሚያ) ላይ ከሆነና ራይዘሩ የራሱ የኃይል መሰኪያ ካለው፣ ራይዘሩና ካርዱ ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ይብሉ።

ጥያቄ፦ ባለ 1,500 ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አለኝ፤ ይህን ማሽን ይችላል?

መልስ፦ 1,500 የተባለው ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው ወይስ ዋት? ቪኤ ከሆነና የኃይል ፋክተሩ (ቪኤው ተባዝቶበት ዋት የሚሆነው ቁጥር) 0.6 ከሆነ የሚሰጠው 900 ዋት ብቻ ነው፤ ሁለቱ ካርዶች ሲሠሩ ይጮህና ይቆርጣል። የውጤቱ ሞገድ ንጹሕ ሳይን መሆኑንም ያረጋግጡ፤ የዛሬ ፓወር ሰፕላዮች ሳይንን ለመምሰል በተሠራ ሞገድ ላይ ወደ ባትሪ ሲዞር ሊጠፉ ይችላሉ። መብራት ሲሄድ ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ካርዶቹን ወደ 250 ዋት አውርደው ቢያንስ 1,000 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ ዩፒኤስ ይያዙ።