ከደረጃ ሥር አትቁሙ፦ ስለ ጣቢያ፣ ራምፕና ግፊያ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ሰው ደውሎ ሰዓቱ አልበቃንም። ስለ ደረጃ፣ ስለ ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ)፣ ስለ መናኸሪያና ስለ ባቡር ጣቢያ መተላለፊያ የጠየቃችሁትን አርክቴክቱ እንግዳችን እንዲህ መልሰዋል።

አድማጭ ከሙጋድ፦ የሱቄ በር ላይ ሁለት ደረጃ አለ። እናቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ብየዳ ቤቱ "አንድ ሜትር የብረት ራምፕ ልሥራልህ" አለኝ። ይበቃል?

አይበቃም ወንድሜ። ሜትርህን አውጣና ለካ። አንድ ደረጃ ብዙውን ጊዜ 17 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ሁለቱ 34 ይሆናሉ። ለአንድ ሳንቲሜትር ከፍታ 12 ሳንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ስለዚህ ራምፕህ አራት ሜትር ከምናምን መሆን አለበት። አንድ ሜትር ላይ ከሠራኸው ዊልቸሩ ሲወጣ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል፤ እናትህ ወደ ኋላ ይገለበጣሉ።

"አራት ሜትር ቦታ ከየት ላምጣ?" ትለኛለህ። ደሴ ተዳፋት ከተማ ናት። ከታችኛው ጥግ ሁለት ደረጃ ያለው ቤት፣ ወደ ላይኛው ጥግ ስትሄድ ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል። በሩን ወደዚያ ማዞር ከራምፑ ሊረክስህ ይችላል። ብቻ መጀመሪያ ለካ። ብየዳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አድማጭ ከቧንቧ ውሃ፦ ራምፑ ላይ ሴራሚክ ባነጥፍበት ያምራል አይደል?

አታንጥፊ እህቴ። የደሴን ክረምት ታውቂዋለሽ፤ ሴራሚክ ሲረጥብ ያንሸራትታል። አርማታው ሳይደርቅ በመጥረጊያ ተጎትቶ ሻካራ መስመር ይውጣለት።

ተማሪ ከኮምቦልቻ፦ በጣቢያዎችና በአዳዲስ የእግረኛ መንገዶች ላይ ያለው ቢጫ ጉብጉብ ያለ ንጣፍ ምንድነው?

ማየት ለተሳናቸው ሰዎች የመንገድ ምልክት ነው። ሴይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው የፈጠረው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኦካያማ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ረዥም መስመር ያለው "ቀጥል" ማለት ነው፤ ክብ ክብ ጉብታ ያለው "ቁም፣ ከፊትህ ጠርዝ ወይም ደረጃ አለ" ማለት ነው። ሰው በእግሩና በበትሩ ያነበዋል። እባካችሁ ሞተር አታቁሙበት፣ ማዳበሪያ አትከምሩበት። ንጣፉን አምኖ የሚሄድ ሰው እቃችሁ ላይ ነው የሚወድቀው።

ነጋዴ ከኮምቦልቻ፦ መናኸሪያ ላይ በር ሲከፈት ካልተጋፋህ ወንበር አታገኝም። ባቡር ጣቢያም እንዲሁ ከሆነ ሽማግሌ አባቴን ይዤ እንዴት ነው የምሄደው?

እዚህ ላይ ልቆይ። ጠያቂው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ይስማ።

አውቶቡስ ሲገባ የሚወርደው ሃምሳ ስልሳ ሰው ነው። ባቡር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ያራግፋል። ያ ሁሉ ሰው የሚያመራው ወደ አንድ መውጫ ነው። እዚያው በር ላይ "ቀድሜ ልግባ" የሚል ሌላ ሕዝብ ከቆመ ሁለቱ ይፋጠጣሉ። መሃል የሚቀሩት አባትህና ልጅ ያዘለች እናት ናቸው።

አደጋው የሚጀምረው ከክፋት አይደለም። ሰውዬው ከደረጃው ይወርድና እግሩ መሬት እንደነካ ማዳበሪያውን ያስቀምጣል። ስልኩን ያወጣል። "የት ነህ? እኔ ደርሻለሁ" ይላል። ከኋላው ያለው ሰው ይቆማል። ከሱ ኋላ ያለው ግን የፊቱን አያይም። "ኧረ ሂዱ እንጂ!" ይልና ይገፋል። ከላይ የሚገፋው ሰው ታች ምን እንደተፈጠረ አያውቅም፤ ትልቁ ችግር ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 ጦርነት ላይ ሳሉ የለንደን ሰዎች የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሰምተው ቤትናል ግሪን ወደሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሊጠለሉ ወረዱ። ደረጃው ሥር አካባቢ አንዲት ሴት ወደቀች። ከላይ ያለው ሕዝብ መውረዱን አላቆመም። 173 ሰው ሞተ፤ ከነሱ 62ቱ ልጆች ናቸው። ያን ምሽት እዚያ ሰፈር ቦምብ አልወደቀም። የገደላቸው ደረጃውና መጨናነቁ ነው። ደረጃው መሃል ላይ መደገፊያ አልነበረውም፤ መብራቱም አንድ ደብዛዛ አምፖል ነበር።

ሰው በግፊያ የሚሞተው ተረግጦ ብቻ ይመስለናል። አብዛኛው የሚሞተው ቆሞ ነው። ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር አራት አምስት ሰው ሲቆም እርምጃህን መምረጥ ያቅትሃል። ስድስት ሰባት ሲደርስ የሚወስድህ ሕዝቡ ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ለመውሊድና ለዓረፋ መንገደኛው ሲበዛ መናኸሪያችን ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የሚወርድ ይቅደም። ከደረጃ ሥር አትቁሙ፤ ከራምፕ ሥር አትቁሙ፤ በር ላይ አትቁሙ። ስልክ መደወል ያለበት ሰው አስር እርምጃ ወደ ግድግዳው ይጠጋ። ግፊያ ውስጥ ከገባችሁ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ፊት አድርጉ፣ በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ። ነጠላም ይሁን ጫማ ቢወድቅ ጎንበስ አትበሉ። ልጅ ካለ ከፊታችሁ ይሁን።

ጣቢያና መናኸሪያ ለምታስተዳድሩም አንድ ነገር ልበል። መግቢያና መውጫውን ለዩ። ቆሎና ሙዝ የሚሸጡትን አታባርሯቸው፤ ከመተላለፊያው ውጪ ጥላ ያለው ቦታ ስጧቸው። እነሱ ደረጃ ላይ የሚቀመጡት ሰው የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ ነው።

አባትህን በተመለከተ፣ ቀደም ብለህ ይዘሃቸው ድረስ። ኮምቦልቻ የመስመሩ መጨረሻ አይደለችም፤ ሐዲዱ ወልድያ አቅራቢያ ወዳለችው ሐራ ገበያ ይቀጥላል። ስለዚህ "ሰው ሁሉ ይውረድና ቀስ ብለን እንወርዳለን" ማለት አያስኬድም። ገና ስትሳፈር ለባቡሩ ሠራተኛ ንገረው። ስትደርሱ ደግሞ አስቀድማችሁ ወደ በሩ ጠጋ በሉ።

አድማጭ ከፒያሳ፦ ሊፍት ካለ ራምፕ ለምን ያስፈልጋል?

መብራት ይጠፋል። ራምፕ መብራት አይፈልግም።

አድማጭ ከሸዋ በር፦ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ደረጃ ሥር ሲቸገር ሦስት አራት ሆነን ብድግ እናደርገዋለን። ጥሩ ነው አይደል?

ልባችሁ ጥሩ ነው፤ አላህ ይስጣችሁ። አያያዛችሁ ግን ያስፈራኛል። የብዙ ዊልቸር የክንድ መደገፊያና የእግር ማስቀመጫ የሚነቀል ነው። አንዱ ጎረምሳ መደገፊያውን ይዞ ሲያነሳ ብረቱ እጁ ላይ ይቀራል፤ ሰውዬው ደግሞ ደረጃው ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት። ወንበሩን እሱ ያውቀዋል፤ የቱ እንደማይነቀል ይነግራችኋል። "አልፈልግም" ካለም አትንኩት። ቁልቁል ያለ ራምፕ ላይ ስታወርዱት ወንበሩን አዙሩና እናንተ ከታች ሆናችሁ ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ከለቀቃችሁት ተንሸራቶ ይወጣል።

ደግሞም ሰው በየቀኑ እንደ እቃ መነሳት የለበትም። ራምፕ ይሠራ የምለው ለዚህ ነው።

አድማጭ ከሆጤ፦ ባለ ሕንፃ ራምፕ የመሥራት ግዴታ አለበት? ወይስ በጎ ፈቃድ ነው?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዟል። ሽንት ቤቱንም ይጨምራል። አንቀጹ ዊልቸር የሚጠቀሙትን ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻሉ ደረጃ የሚያቅታቸውንም ይጠቅሳል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች እዚያ ውስጥ አሉ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ተደራሽነትን ግዴታ ያደርጋል። ለቁጥጥር ማለፊያ ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ ከልክ በላይ አቀበት የሆነ ራምፕ ግን ሞልቷል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ለኩ።

አድማጭ ከመናፈሻ፦ ልጄ ለንደን ነው። "አሮጌውን ጣቢያ አፍርሰው ደረጃ አልባ አደረጉት" ይለኛል። እውነት ይቻላል?

ይቻላል እማማ። ልጅዎ ስለ ለንደን ብሪጅ ጣቢያ ይሆናል የነገረዎት። እ.ኤ.አ. በ1836 የተከፈተ ጣቢያ ነው፤ እንደገና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጠናቀቀ። ባቡሮቹ ከመንገዱ ከፍ ብለው ስለሚቆሙ፣ ከሐዲዱ ሥር ከመንገድ ጋር እኩል የሆነ ሰፊ አዳራሽ ሠሩ። ከዚያ አዳራሽ ወደ 15ቱም የባቡር መሳፈሪያ መድረኮች ሊፍት ይወጣል። በሥራው ወቅትም ጣቢያው ጨርሶ አልተዘጋም። ለእኛ የሚጠቅመው ሐሳቡ ነው፦ መግቢያውን ሰው ካለበት ከመንገዱ እኩል አድርግ፤ ከፍታውን ከዚያ በኋላ ፍታው። አዲስ ሲሠራ ይሄ ቀላል ነው። ካለቀ በኋላ ማፍረስ ነው የሚከብደው።

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ አባቴ ደረጃ ሲወርዱ ያዞራቸዋል። ምን ዓይነት መደገፊያ ላሠራላቸው?

መደገፊያው ከ85 እስከ 95 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ፣ በሁለቱም ጎን ይሁን። ማዞሩ ግን የእኔ ሙያ አይደለም እህቴ። ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ጋር ውሰጃቸው።

አድማጭ ከአራዳ፦ ግቢያችን ገደል አፋፍ ላይ ነው። ራምፕ ለመሥራት የድጋፍ ግንቡን ሁለት ሜትር ቆርጬ ማውረድ አስቤያለሁ። በራሴ ግንበኛ ላሠራው?

አትንካው። ያ ግንብ አፈር ይዞ ነው የቆመው። ክረምት ላይ ከጀርባው ያለው ውሃ ምን ያህል እንደሚገፋ ከውጭ አይታይም። ቢናድ ከሥር ያለው ጎረቤትህ ነው የሚቀበረው። ስትራክቸራል መሃንዲስ (የግንባታን ጥንካሬ የሚያሰላ ባለሙያ) ቦታው ድረስ መጥቶ ይየው። ፈቃድ ከማዘጋጃ ቤት አውጣ። እስከዚያ ድረስ አንድም ድንጋይ አታንሳ።