ስኳር ስንል የትኛውን ነው?

እንደምን አላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ የቤታችንን ጉዳይ ነው። ባህር ዳር፣ እኛ ቤት፣ ፍሪጅ ውስጥ የእህቴ ልጅ የሚወጋው ኢንሱሊን አለ። ፍሪጁ ላይ ደግሞ የእናቴ ኪኒን፣ ሜትፎርሚን። ሁለቱንም "የስኳር መድኃኒት" እንላቸዋለን። እኔም ለብዙ ጊዜ በሽታው አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ለአንዱ የከፋ፣ ለሌላው የቀለለ። በዚህ ስህተት ልጁን ልናጣው ነበር።

ከ3 ዓመት በፊት ነው። ልጁ 11 ዓመቱ ነበር። ክረምት ላይ ውሃ ውሃ ማለት ጀመረ። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል። አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ስንት ዓመቱ፣ እንደገና ጀመረው። እህቴ ተቆጣችው። ያ ቁጣ እስከዛሬ ያንገበግባታል። ይበላል፣ ግን ይከሳል። ጎረቤት "ኮሶ ነው" አለ። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፣ ታይፎይድ ነው ተባለ። ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ያየለት ሰው አልነበረም። አንድ ጠብታ ደምና ጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ነው። ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

ከቀናት በኋላ ማስታወክ ጀመረ። ሆዴን ይላል። ትንፋሹ ሮጦ እንደመጣ ሰው ጥልቅና ፈጣን ሆነ። ስጠጋው አፉ ከልክ በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። መለኪያው ቁጥር አላወጣም፤ ስኳሩ ማሽኑ ማንበብ ከሚችለው በላይ ሄዶ ነበር። ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ስላቃተው ስቡን እያቃጠለ፣ ደሙ አሲድ እየሆነ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፈ።

ሐኪሙ "በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?" ሲለን ሁላችንም እናቴን አየን። ከአያቱ የወረሰው መሰለን። ቤት ስንገባ እናቴ እህቴን እንዲህ አለቻት፦ "ልጄ፣ ይሄን ሕፃን በመርፌ አታሰቃዪው። እኔ ይኸው ኪኒኔን እየዋጥሁ፣ እንጀራውን ቀነስ አድርጌ ደህና ነኝ። ጠበሉን ይጠጣ።" ከፍቅር ነው ያለችው። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እውነቷን ነው" አልኩ። መርፌውን ቀነስን። በሁለተኛው ቀን እንደገና አስታወከ፣ እንደገና ያ ሽታ መጣ። ተመልሰን ስንሄድ ሐኪሙ አልተቆጣንም። "ጠበሉን ይጠጣ። መርፌውን ግን አንድ ቀን እንዳታስቀሩ። የእሱ በሽታ የአያቱ አይደለም" አለን።

እኔ ነገሩ የገባኝ በታንኳ ነው። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው የሚመጡትን የደንገል ታንኳዎች አስቡ። እንጨቱ ዳር ደርሷል፣ ግን በራሱ ቤት አይገባም። ተሸካሚ ይፈልጋል። የምንበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይደርሳል፤ ወደ ሴሎቻችን የሚያስገባው ኢንሱሊን ነው። ተሸካሚ ከሌለ እንጨቱ ዳር ላይ ይከመራል፣ ከተማው ውስጥ ግን እሳት የለም። ልጁ እየበላ የከሳው ለዚህ ነው።

ዓይነት 1 የሚባለው ይህ ነው። የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሴሎች እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። ተሸካሚው ስለሌለ ከውጭ ማምጣት ግድ ነው። መርፌው ያ ነው። ከረሜላ አያመጣውም። ይህንን ደግሜ ልበለው፣ ምክንያቱም እህቴ ለወራት "ጣፋጭ አብዝቼበት ነው" እያለች ስታለቅስ አይቻለሁ። ከረሜላም፣ የእናት ስንፍናም አያመጣውም።

እናቴ ዘንድ ተሸካሚ አለ። ቤቶቹ ናቸው በር አልከፍት ያሉት። ቆሽቷ ተሸካሚ እየጨመረ ይልካል፣ ቀስ በቀስም ይደክማል። ዓይነት 2 ነው። ስኳር ካለባቸው 10 ሰዎች ቢያንስ 9ኙ እንደ እሷ ናቸው፤ የምንሰማው ምክር ሁሉ የእነሱ የሆነውም ለዚህ ነው። ክብደት መቀነስ፣ በእግር መሄድ፣ ኪኒን፣ ለእሷ ይሠራል። ከዓመታት በኋላ መርፌ ቢያስፈልጋት እንኳ በሽታዋ ወደ ልጁ ዓይነት ተቀየረ ማለት አይደለም።

በእርግዝና የሚመጣም አለ። የእንግዴ ልጅ ሆርሞኖች በሩን ያጠብቁታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይመረመራል። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል፣ ግን ወደፊት ዓይነት 2 የመምጣት ዕድሉን ስለሚጨምር ክትትሉን አትተዉ።

አሁን ልቤን ወደ ነካው ልምጣ። በቀጠሮ ቀን ወረፋ ላይ አንድ ወጣት ገበሬ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሐይቁ ማዶ ነው የመጣው። ክንዱ ሸምበቆ ያህላል። "የሰፈሬ ሰው አያምነኝም እኮ" አለኝ። "ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ አንተ ምን በልተህ ነው ይሉኛል።" ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው ፍሪጅ ስለሌለው በሸክላ ዕቃ ነው፤ ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ አድርጎ። በልጅነቱ ብዙ ጊዜ ጾሙን እንዳደረ ነገረኝ።

የእሱ በሽታ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሐኪሙ ነው። እኔ ግን ቤት ገብቼ ሳነብ ደነገጥኩ። በልጅነት ምግብ ከማጣት ጋር የተያያዘ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. በዝርዝሩ አስገብቶት ነበር፣ በ1999 አወጣው። ጎንደር አካባቢ የገጠር ሕሙማንን የሚከታተሉ ሐኪሞች በ2009 እ.ኤ.አ. ይህ ጉዳይ እንደገና ይታይ ወይ ብለው ጽፈዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ "ዓይነት 5" የሚል ስም ሰጠው። ክርክሩ አላለቀም። ግን ቀጭን ሆኖ፣ ተርቦ ያደገ ሰው ስኳር ሊኖረው እንደሚችል ጎረቤቶቹ ቢያውቁ ያ ወጣት ገበሬ ያን ያህል አያፍርም ነበር።

የእህቴ ልጅ አሁን 14 ዓመቱ ነው። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰንም በእሱ ዕድሜ ገደማ ያለ ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ይህን ስነግረው "እኔ ዕድለኛ ነኛ" አለኝ። መርፌውን አሁን ራሱ ይወጋል።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን የሽፈራው ቅጠል ይዛ መጣች። "ስኳሬን አውርዶልኛል፣ ለልጁም አፍሉለት" አለች። እናቴ ተቀብላ አመሰገነቻት። ቡና አስቀመጠችላት። ከዚያ ዝግ ብላ እንዲህ አለቻት፦ "እኔም ብሆን ሐኪሜን ጠይቄ ነው። የእሱ ግን ሌላ ነው እህቴ። ነይ ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።"