አስታማሚው ከዋርድ ሳይወጣ ምን ይወቅ? ስለ ስትሮክ ታማሚ የቤት እንክብካቤ

መምህር፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ከደብረ ብርሃን ስለ አስታማሚዎች ነው የምናወራው። ስትሮክ መቶት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ሥራው አላለቀም፤ ከነርስ እጅ ወደ ሚስት፣ ወደ ልጅ፣ ወደ ምራት እጅ ይገባል። ሲስተር፣ ብዙው ነገር የሚበላሸው ርክክቡ ላይ ነው ትያለሽ። ከዚያው እንነሣ።

ሲስተር፦ አዎ መምህር። መጀመሪያ የምናስተምረው ሰው ትክክለኛው አይደለም። ዋርድ ውስጥ የሚያድረው ብዙ ጊዜ ከተማውን የሚያውቀው፣ ካርድ የሚያስጨርሰው፣ መድኃኒት የሚገዛው ወንድ ልጅ ነው። መንዝ ወይም መርሐቤቴ ቤት ሲደርሱ ግን የምታጥበውና የምታጎርሰው ሚስቱ ወይም ምራቱ ናት፤ እሷ ደግሞ ምንም አላየችም። ስለዚህ ታማሚው ተኝቶ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን «ቤት ማን ነው የሚይዘው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ ሰው ከመውጫው ሁለት ቀን ቀድሞ ይምጣ።

መምህር፦ ከመጣችም በኋላ አጠያየቃችን ችግር አለበት። ነጭ ጋዎን ለብሰሽ «ገብቶሻል?» ስትያት «አልገባኝም» የምትል የለችም፤ ይሉኝታ አለ፣ ፍርሃት አለ። «እስቲ አሳዪኝ» ነው ማለት ያለብን። ነርሷ አንዴ ትሠራለች፣ አስታማሚዋ ትደግመዋለች፣ የሳተችው ብቻ ይታረማል፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና። ክፍያ መስኮቱ ጋ ቆሞ በሩጫ የሚነገር ምክር ትምህርት አይባልም። ነርሶቻችንም ታማሚውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ እንዳለባቸው ያውቁታል፤ የጎደለው ሌሊት ብዙ ታማሚ የያዘች አንዲት ነርስ እንዴት ታድርሰው የሚለው ነው። አስታማሚዋን ማሠልጠን ለነርሷም እጅ መጨመር ነው።

ሲስተር፦ ሁለት ሰዓት ያሉት ማገላበጡን ነው። እሱን ሰፋ አድርገን እንየው፤ የአልጋ ቁስል አንዴ ከተከፈተ ወራት ይወስዳል። ከአጥንትና ከፍራሽ መካከል የተጨነቀ ሥጋ ደም አይደርሰውም፤ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ቦታዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የትከሻ አጥንት፣ ክርን፣ ከጭንቅላት ኋላ፣ ጆሮ።

መምህር፦ አገለባበጡን በቅደም ተከተል ንገሪያቸው።

ሲስተር፦ ወደ ቀኝ ልታዞሪው ከሆነ በቀኙ በኩል ቁሚ። ግራ ጉልበቱን እጠፊ፣ ግራ እጁን ደረቱ ላይ አድርጊ። አንድ እጅሽን ትከሻው ላይ፣ ሌላውን ዳሌው ላይ አድርገሽ ወደ ራስሽ ሳቢው። እጁን ይዞ መጎተት ግን ክልክል ነው፤ ሽባ በሆነው ወገን የትከሻውን መገጣጠሚያ የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ ይወልቃል። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አታስተኚው፤ ክብደቱ ሁሉ ዳሌው አጥንት ላይ ይወድቃል። ጀርባውን በትራስ ደግፈሽ ዘንበል ብቻ ይበል፣ 30 ዲግሪ ያህል። በጉልበቶቹ መካከል ሌላ ትራስ። በተጎዳው ጎኑ ሲተኛ ትከሻው ከሥሩ እንዳይታጠፍ ወደፊት ወጣ አድርጊለት፤ ቆይታውም አጠር ይበል።

መምህር፦ ወደ ትራስጌ ከፍ ማድረግ ሲያስፈልግስ?

ሲስተር፦ ሁለት ሰው ከሥሩ ያለውን አንሶላ በሁለት በኩል ጠቅልሎ ይዞ ያነሣዋል። ብብቱን ይዞ መጎተት ቆዳውን ይልጣል። ተረከዙ ደግሞ ከፍራሹ ይነሣ፦ ትራስ ከባቱ ሥር ይገባል፣ ተረከዙ አየር ላይ ይቀራል። ጨርቅ እንደ ቀለበት ጠቅልለው ከመቀመጫው ሥር የሚያስገቡ አሉ፤ እሱ ዙሪያውን ያለውን የደም ዝውውር ስለሚያንቅ ይብሳል።

መምህር፦ እዚህ ላይ አገራችን ያላትን ላንሣ። አጎዛ። ፀጉሩ ያልተሸለተ፣ በደንብ የለፋ የበግ አጎዛ ጫናን ያከፋፍላል፣ እርጥበትም ይመጥጣል። በሌላውም ዓለም ለዚሁ ሥራ የሚያገለግል ነው። ግን ፀጉሩ ወደ ታማሚው ይሁን፣ በላዩ አንድ ስስ አንሶላ ብቻ ይነጠፍ፤ ላስቲክ ካስፈለገ ከአጎዛው ሥር። ላስቲኩ ከገላው ጋር ከተገናኘ ላብ ይይዛል። ሽንት ከነካው ታጥቦ በደንብ ይድረቅ። ባና ግን ለመልበስ እንጂ ለገላ ንክኪ አይሆንም፤ ሸካራ ነው። አጎዛ አለ ተብሎም ማገላበጥ አይቀርም።

ሲስተር፦ ሌሊቱን ደግሞ እውነቱን እንናገር። ብቻዋን የምታስታምም ሴት ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ተነሺ ስትባል ሳምንት ሳይሞላት ትወድቃለች። ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ካለና ጠዋት ቆዳው ላይ ምልክት ካልታየ ሌሊት በየአራት ሰዓቱ ይበቃል። ቀን ግን ሁለት ሰዓት ነው። ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ 12 ሰዓት ቀኝ፣ 2 ሰዓት ጀርባ፣ 4 ሰዓት ግራ እያለ። ፊደል ለማታነብ እናት ሥዕል ይሣልላት።

መምህር፦ ቆዳውን እንዴት ትመርምር? መጽሐፉ «መቅላት» ይላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላት አይታይም።

ሲስተር፦ በእጅ ነው። በእጇ ጀርባ ትዳስስ፤ ከዙሪያው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የላላ፣ ወደ ሐምራዊ የጠቆረ ቦታ ካለ ጀምሯል ማለት ነው። ቀላ ያለ ቆዳ ላይ ከሆነ በጣት ተጭና ትልቀቅ፤ መቅላቱ ካልጠፋ ያው ነው። ያን ቦታ ከጫና ማራቅ ብቻ ነው፣ ማሸት የለም፤ ማሸት ከሥር የተጎዳውን ያባብሰዋል። ከተከፈተ ደግሞ አልኮል፣ ቡና፣ ቅቤ አይነካውም። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 9 ግራም ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ አሟሙታ ትጠበው፣ በንጹሕ ፋሻ ትሸፍነው፣ ጤና ጣቢያም ታሳየው።

መምህር፦ ወደ ምግቡ። ባህላችን ማጎረስ ነው፤ የሚወዱትን ሰው ትልቅ ጉርሻ ማጉረስ። ስትሮክ ታማሚ ላይ ግን ጉርሻ አደጋ ነው፤ መዋጥ የተዳከመ ሰው ምግቡ ወደ ሳምባው ይገባና ኒሞኒያ ይይዘዋል።

ሲስተር፦ ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠና በደንብ ካልነቃ ምንም አይሰጠው። መዋጡን መጀመሪያ የሚፈትነው ዋርድ ላይ ነርሷ ናት። ቤት ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በደህናው ጉንጭ በኩል፣ አገጩ ዝቅ ብሎ። ከዋጠ በኋላ ካሳለ ወይም ድምፁ ውኃ የያዘ ከመሰለ ይቁም። ሰዎች ውኃ ይቀላል ብለው በውኃ ይጀምራሉ፤ በጣም የሚያንቀው እሱ ነው። ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። የበሶ ዱቄት በደረቁ ፈጽሞ አይሰጥም። ሲጨርስ የደከመውን ጉንጭ በጣቷ ትፈትሽ፣ ምግብ ይደበቃል፤ 30 ደቂቃም ሳይተኛ ይቆይ። አፉ በቀን ሁለት ጊዜ ይጽዳ፤ የአፍ ቆሻሻ ነው ሳምባ የሚያበላሸው።

መምህር፦ በአፍንጫው የመመገቢያ ቱቦ ይዞ የሚወጣም አለ።

ሲስተር፦ አፍንጫው ጋ ቱቦው ላይ ምልክት እናደርጋለን። ምልክቱ ወጥቶ ካየች መልሳ አታስገባ፤ ምግብም አትስጥ፣ ትምጣ። ደህና ከሆነ ታማሚው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ መግፊያው የወጣለት ስሪንጅ ይሰካ፣ በ30 ሚሊ ሊትር ውኃ ይጠብ፣ የተጠለለ ለብ ያለ አጥሚት ወይም ወተት 200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር በራሱ ይውረድ፤ 20 ደቂቃ ገደማ። እንደገና 30 ሚሊ ሊትር ውኃ። የሚዘጋው ያለ ማጠቢያ ከተተወ ወይም ኪኒን በደንብ ሳይደቅ ከገባ ነው።

መምህር፦ ካቴተር፣ የሽንት ቱቦ ማለት ነው፣ ካለውስ ባጭሩ?

ሲስተር፦ ከረጢቱ ከፊኛው በታች ይንጠልጠል፣ ወለል አይንካ፣ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ይደፋ። ሽንት ከቆመ መጀመሪያ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ይታይ። ከዚያ ውጭ አይፈታ፣ አይጎተት።

መምህር፦ ብርዱን ሳንነካ አናልፍም፤ ደብረ ብርሃንና መንዝ ነን። የፈላ ውኃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ እግሩ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው። ያ እግር ግን አይሰማውም፤ ቆዳው ተቃጥሎ ነው የሚታወቀው። ከሰልም በተዘጋ ክፍል አይገባ፤ ጭሱ የለም ብለው ያምኑታል፣ መርዙ ግን ሽታም የለው፣ ታማሚው ደግሞ ተነሥቶ አይወጣም። ካልሲና ድርብ ልብስ ይበቃል።

ሲስተር፦ ሌላው የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ሲሄዱ መድኃኒቱን ቤት ጥለው የሚሄዱ አሉ። መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ፤ ከተጠመቀም በኋላ ገላው በተለይ በእጥፋቱ ይድረቅ። ቁስል ያለበት ሰው ወተትና እንቁላል ያስፈልገዋል፤ ጾም ከሆነ የንስሐ አባቱን ያነጋግሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች።

መምህር፦ ከዋርድ ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ምን ይኑር?

ሲስተር፦ ሦስት ነገር። መድኃኒቱና ሰዓቱ። የዋርዱ ስልክና የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ። ሦስተኛው፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ የሚያስመጣው ምልክት፦ ትኩሳት፣ የሚሸት ወይም የጠቆረ ቁስል፣ ከምግብ በኋላ የማያቆም ሳልና ትንፋሽ ማጠር፣ የቆመ ሽንት፣ አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ አዲስ ድክመት ወይም ንግግር መጥፋት። የመጨረሻው ከሆነ ጠዋትን አይጠብቁ፤ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዘው በዚያው ሌሊት ይነሡ።