አራት ሰው በአንድ ካቢን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው ከእማዬ፣ ከታናሽ እህቴና ከልጄ ጋር በክሩዝ፣ ማለትም በሽርሽር መርከብ፣ ወደ ቤርሙዳ ደሴት መሄዳችንን ሳነሳ ጥያቄው ሁሉ ስለ ባሕሩ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። የሰው ሐሳብ ክፍሉ ላይ ነው። አራታችሁም በአንድ ካቢን? እንዴት ተኛችሁ? እናቴን ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር፣ ትችለው ይሆን? ከጓደኞቼ ጋር ብሄድስ፣ ተጣልተን አንመለስም ወይ? እሺ፣ ዛሬ ስለዚህ ብቻ እናውራ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጠባብ ካቢን ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ማደር እወዳለሁ። ገንዘብ ቢተርፈኝም እመርጠዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፦ የሚያስፈልግህን አፍ አውጥተህ መናገር። እኛ ደግሞ እዚህ ላይ እንቸገራለን። ይሉኝታችን ብዙ ነው። “ለእኔ አታስቡ፣ የትም ይሆንልኛል” እንላለን። ሰፊ ቤት ውስጥ ይህ ያስኬዳል፤ የከፋው ሰው ክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ካቢን ውስጥ ግን የሚገባበት ሌላ ክፍል የለም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የባልቲሞር ወደብ ለእኛ ቅርብ ነው። አውሮፕላን የለ፣ ሆቴል የለ፣ ሻንጣህን መኪና ላይ ጭነህ መሄድ ነው። እማዬን የመሰለ ረጅም በረራ የሚያደክመው ሰው ላለበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከባልቲሞር የሚነሱት መርከቦች ማያሚ ላይ እንደምታዩዋቸው ግዙፎች አይደሉም። ምክንያቱ ድልድይ ነው። ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነው፤ ድልድዩ ከውሃው በላይ ያለው ክፍተት 57 ሜትር ያህል ነው፤ አዲሶቹ ትልልቅ መርከቦች ደግሞ ቁመታቸው ከዚያ ስለሚበልጥ አያልፉም። ስለዚህ እኛ ጋ የሚመጡት መለስተኛና ቆየት ያሉት ናቸው። ለምሳሌ ቪዥን ኦፍ ዘ ሲዝ የምትባለው መርከብ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በነዚህ መርከቦች ላይ በረንዳ ያለው ክፍል እንደ አዲሶቹ አይበዛም። መስኮት የሌለው የውስጥ ካቢን እንደ መርከቡ ከ13 እስከ 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ሳሎኑ ከዚያ ይሰፋል።

ዋጋውን ቶሎ ልለፈው። የክሩዝ ዋጋ የሚተመነው ካቢኑን ሁለት ሰው ይጋራዋል ተብሎ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅናሽ ይገባል። ታክሱ፣ የወደብ ክፍያውና የሠራተኞቹ ጉርሻ ግን በነፍስ ወከፍ ነው፣ በሱ ቅናሽ የለም። ሌላው ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ፤ ካቢኑ ውስጥ አራት አልጋ ቢኖርም ሦስተኛና አራተኛ ሰው ሊከለከል ይችላል። እያንዳንዱ ካቢን የሚመደብበት የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያና የነፍስ አድን ጀልባ አለ፣ የዚያ ቦታ ከሞላ ሞላ ነው። ስለዚህ አራት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ ማን የት ይተኛል? የአራት ሰው ካቢን ብዙውን ጊዜ ከታች ሁለት አልጋ አለው። ከላይ ደግሞ ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ የሚወርዱ ሁለት ተጣጣፊ አልጋዎች አሉ፣ የሚወጣባቸው በትንሽ መሰላል ነው። የካቢኑ አስተናጋጅ ማታ ያወርዳቸዋል፣ ጠዋት መልሶ ያጥፋቸዋል። ስለዚህ ቀን ላይ ክፍሉ መተንፈሻ አለው፣ ጥበቱ የሚሰማው ማታ ነው።

ከመሄዳችን በፊት አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን፣ “እማዬ፣ የት መተኛት ትፈልጊያለሽ?” አልኳት። መልሷን እናንተም ታውቁታላችሁ። “የትም። እናንተ ብቻ ተመቻቹ።” እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። እሺ ይላል፣ በራሱ ግምት ይደለድላል፣ ከዚያ እናት ሌሊቱን ሙሉ ሰው እንዳትቀሰቅስ ብላ ሽንት ቤት ሳትሄድ ታድራለች። እኔ ጥያቄውን ቀየርኩት። ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ? ጉልበትሽ የትኛው ነው የሚያምሽ? ጸሎት የምታደርሺው ስንት ሰዓት ነው? “የትም” ብሎ መመለስ የማይቻልበት ጥያቄ ስትጠይቃቸው ወላጆች ይናገራሉ። ለካ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ትነሳለች። ዳዊት ትደግማለች። ትልቁ ጭንቀቷም እሱ ነበር፣ “መብራት ካበራሁ ልጆቹ ይነሳሉ፣ ካላበራሁ አይታየኝም።” ይህንን ጭንቀት ለወራት ይዛ ዝም ብላ ነበር። ሳስበው አሁንም ልቤን ይነካዋል።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። መጽሐፍ ላይ የምትሰካ ትንሽ መብራት ገዛንላት። አልጋዋ ከታች፣ ለመታጠቢያ ቤቱ ቅርብ የሆነው ሆነ። እህቴ ወገቧን ስለሚያማት ሌላው የታችኛው አልጋ የእሷ ነው። ልጄና እኔ ላይ ወጣን።

መስኮት የሌለው ካቢን ጨለማ ያላያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ፣ ድቅድቅ ነው። ቀኑ ተሲያት ቢሆንም መብራቱ ከጠፋ እጅህ አይታይህም። ለሚተኛ ሰው ጥሩ ነው። በጨለማ ለሚነሳ ትልቅ ሰው ግን ያሰጋል፣ መርከቡ ሲወዛወዝ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የሌሊት መብራት ያዙ፣ ወይም የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አብርታችሁ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጉት። በብዙ መርከቦች ቴሌቪዥኑ ላይ የመርከቡን ፊት ለፊት የሚያሳይ ካሜራ አለ። ድምፁን ዘግታችሁ እሱን ብትተዉት ሲነጋ ክፍሉም አብሮ ይነጋል።

ቴሌቪዥኑ ለሌላም ነገር ጠቅሞናል፣ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ አይለኝም። እማዬ በመጀመሪያው ማታ፣ “ምሥራቅ በየት ነው?” አለች። ቤት ውስጥ ይታወቃል፣ ሥዕለ አድኅኖዋ ያለችበት ግድግዳ ነው። መርከብ ግን ይዞራል። ልጄ የመርከቡን ካርታና አቅጣጫ የሚያሳየውን ቻናል አገኘችና የአያቷ ኃላፊ ሆነች። የቼሳፒክን ወሽመጥ ወደ ደቡብ ስንወርድ በዚህ በኩል፣ ውቅያኖስ ገብተን ወደ ቤርሙዳ ስንዞር ደግሞ ወደ መርከቡ ፊት። ማታ ከመተኛቷ በፊት ታያለች፣ “እማማ፣ ዛሬ ወደ በሩ ነው” ትላታለች። አሜሪካ የተወለደች ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ አያቷ ስትጸልይ አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ሁሉም የየራሱ ክፍል አለው፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ እሷ ተኝታ ነው። ለእኔ የጠባብ ክፍል ትልቁ ስጦታ ይህ ነው። እኛ ከእህትና ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደግነው። ማን በሌሊት እንደሚቃዥ፣ ማን ጥርሱን እንደሚያፋጭ እናውቅ ነበር። ልጆቻችን ይህን አያውቁም። ክፍት ቦታ ሰጠናቸው፣ ጥሩ ነው፣ ግን የአያታቸውን ሌሊት አያውቁትም።

ማንኮራፋት። ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። አዎ፣ ከመካከላችን የሚያንኮራፋ አለ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ አክብሮት ነው። ለሁሉም ሰው የጆሮ መድፈኛ ያዙ፣ ለሁሉም፣ ልክ እንደ ጥርስ ሳሙና። ለአንድ ሰው ብቻ ከያዛችሁ የሚያንኮራፋው ሰው ይሳቀቃል፣ የተሳቀቀ ሰው ደግሞ እንቅልፍ አይወስደውም።

ዕቃን በተመለከተ አንድ ሁለት ነገር ልበል። የካቢን ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ነው፣ ስለዚህ ማግኔት ይይዛል። የማግኔት ማንጠልጠያ ገዝታችሁ ብትሄዱ ነጠላው፣ ቦርሳው፣ እርጥብ የዋና ልብሱ ሁሉ ከወለሉ ይነሳል። ባዶ ሻንጣ አልጋ ሥር ይገባል። ሶኬት በጣም ጥቂት ነው፣ አራት ስልክ ግን አለ። ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ ማለትም ኃይል ሲበዛ ዕቃን የሚከላከል ነገር፣ ያለው ማከፋፈያ መርከብ ላይ ክልክል ነው፣ አንዳንዶቹ ኤክስቴንሽን የሚባልን ነገር በሙሉ ከልክለዋል። ከአንድ ሶኬት ብዙ ስልክ የሚሞላ የዩኤስቢ ቻርጀር ይበቃል፣ ግን የመርከባችሁን ደንብ አስቀድማችሁ እዩ። መታጠቢያ ቤቱ አንድ ሰው ዞር ለማለት የሚበቃ ነው። እኛ ተራ ይዘን ነበር፣ እማዬ ማለዳ፣ እህቴ ከቁርስ በኋላ፣ እኔና ልጄ ማታ። ተራው ከታወቀ በር የሚያንኳኳ የለም።

ቡና! እናቶቻችን የሚጠይቁት መጀመሪያ ይህንን ነው። ካቢን ውስጥ ቡና ማፍላት አይቻልም። የውሃ ማፍያ፣ የልብስ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ከሰል፣ ሁሉም ክልክል ነው። መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ነው፣ ባሕር መሀል የእሳት አደጋ መኪና አይመጣም። ስለዚህ ጀበናው ቤት ይቅር። እማዬ ይህንን ስነግራት ተከፋች፣ አልደብቃችሁም። ቆሎ ይዘን ሄድን፣ ማለዳ ጸሎቷን ስትጨርስ ከእሷ ጋር ወደ ላይ ወጥተን ሌሎቹ እስኪነሱ ቡና በኩባያ እየጠጣን ቆሎ እንቆረጥም ነበር። ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም ደግሞ ገና በመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጁ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ጠየቅን፣ አዘጋጁላት።

ባሕሩ ያመኝ ይሆን ለምትሉ፣ ከባልቲሞር ሲነሱ የመጀመሪያው ሌሊት በወሽመጡ ውስጥ ስለሆነ ብዙም አይሰማም። ውቅያኖሱ ውስጥ ሲገባ ነው የሚጀምረው። ከመርከቡ መሀል አካባቢና ከታችኛው ዴክ (ፎቅ) ላይ ያለ ካቢን መወዛወዙ ይቀንስለታል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አንድ ሰው ካስመለሰው አራቱም ነው የሚታመመው፣ ስለዚህ መድኃኒቱን ከሐኪም ጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ያዙ። የእኛ ሰው ዝንጅብል አይረሳም፣ እሱንም ያዙ።

መንገደኛው ሁሉ ስለሚያደርገው የአደጋ ጊዜ ልምምድ ግን ትንሽ ልቆይ። ሰው ይሰለቸዋል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል የክሩዝ መርከብ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ዐለት መትታ 32 ሰው ሞተ፤ በዚያው ቀን የተሳፈሩ ብዙ መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። አሁን መርከቡ ሳይነሳ ወይም እንደተነሳ መደረግ አለበት። እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ጨምሩበት። አራት ሰው በጨለማ ከጠባብ ክፍል ሲወጣ ማን እናትን ይይዛል? ማን ልጅን? ጫማ የት ነው? ወለሉ ላይ ሻንጣ ተበትኖ ከሆነ ማንም አይወጣም። በአደጋ ጊዜ ሊፍት አይሠራም፣ ስለዚህ ትልቅ ሰው ካላችሁ ለደረጃ የሚቀርብ ካቢን ጠይቁ። እኛ ደረጃውን አንድ ጊዜ በእግራችን ወርደን ወጥተን አይተነዋል። እማዬ እያረፈች ነው የወጣችው፣ ግን መንገዱን አወቀችው።

ከጓደኛ ጋር ሌላ ነው። ቤተሰብ ቢያኮርፍም ተመልሶ ቤተሰብ ነው። ጓደኛ ግን በትንሽ ነገር ተቀይሞ ሳይናገር ይርቃል። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር መጀመሪያ ስለ ብር አውሩ። ሦስት ሆናችሁ ስትገቡ ሦስተኛዋ በቅናሽ ነው የገባችው፤ ቅናሹ የእሷ ነው ወይስ ጠቅላላው ለሦስት ይካፈላል? እኔ ለሦስት ይካፈል ባይ ነኝ፣ በተለይ ያቺ ሦስተኛ ላይኛው አልጋ ላይ የምትተኛ ከሆነ። ቀጥሎ ማታ ስንት ሰዓት ነው መብራት የሚጠፋው? አንዷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ስትጨፍር ቆይታ ልትገባ ትችላለች፣ መብቷ ነው፣ ግን ልብሷን መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዘጋጅታ ትውጣ። ሰው ይዞ መግባትስ? ያሳፍራል፣ ግን ይነገር። እዚያ ሄዶ ከመቀያየም እዚህ ማፈር ይሻላል።

ቀን ላይ ደግሞ ካቢኑን ለአንድ ሰው ልቀቁለት። መርከቡ ትልቅ ነው፣ ሁላችሁም እዚያ መቀመጥ የለባችሁም። እማዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ትላለች፣ በዚያ ሰዓት ማናችንም አንገባም ነበር። እህቴም የራሷን ሰዓት ጠየቀች። መጀመሪያ ቅር አለኝ፣ ከእኛ መራቅ የፈለገች መስሎኝ። በኋላ እሷ ከዚያች ሰዓት ስትመለስ ፊቷ ምን ያህል ፈታ እንደሚል ሳይ ገባኝ።

በነገራችን ላይ እህቴ ለሚቀጥለው ጉዞ ሁለት ካቢን ትላለች፣ በውስጥ በር የሚገናኙ። አንዱ የእሷ፣ ሌላው የእኛ። እማዬ “የት ታየና፣ በር ተዘግቶ!” አለች። ልጄ ደግሞ ከአያቷ ጋር ከሆነች የትኛውም ክፍል ግድ የላትም። እኔ አሁንም አንድ ካቢን ነው የምለው፣ እህቴም አሁንም ሁለት። ቤርሙዳ ራሷን፣ መርከባችን የቆመበትን ኪንግስ ዋርፍንና የባሕር ዳርቻዎቹን በሚቀጥለው አወራችኋለሁ። በአንድ ካቢን ብዙ ሆናችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በተለይ ወላጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ። ቻው፣ ደህና ሁኑ።