«ተቀበይ!»

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ።

የመድረክ መሪው «ዘፋኝ፣ ተዋናይት፣ የምሽት ቤት ባለቤት» ብሎ አስተዋወቀኝ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ። እናቴም እንዲሁ ነበረች። እስክትሞት ድረስ «ልጄ ቴአትር ትሠራለች» እንጂ ሌላ አትልም። እኔ ደግሞ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ስለዚያችው ቤት ነው።

የጀመርኩት እዚሁ ደሴ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ኪነት የገባ ሰው «እኔ ዘፋኝ ብቻ ነኝ» አይልም። ትዘፍናለህ፣ ትጨፍራለህ፣ ድራማ ሲመጣ አሮጊት ትሆናለህ። ትልልቆቹም ያው ናቸው። አስናቀች ወርቁ ክራር እየመታች ትዘፍን ነበር፣ ቴአትርም ትሠራ ነበር። አባባ ተስፋዬማ ተረት ነጋሪ ሳይሆኑ በፊት፣ ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን፣ ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል!

ከዚያ እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ትንሽ ቤት ከፈትኩ። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ ጥቂት ዱካ። የጦሳ ተራራ ብርድ ደንበኛ በጊዜ ያስገባልኛል። ሰዓት እላፊ ስለነበር በሩ ከተዘጋ እስኪነጋ መውጣት የለም። እነሱ የእኔ እስረኛ፣ እኔም የእነሱ። ሰኞ የባቲ ገበያ ውለው የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩኝ። ያተረፈው የባቲን ዜማ ያዛል፣ የከሰረው የትዝታን።

ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግን የምታውቂው ዘፈን ሁሉ ያልቅብሻል። ያኔ አንዱ ከጥግ «ተቀበይ!» ብሎ እንድትዘፍኚው ግጥም ይሰጥሻል። ግጥሙ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው የሚወጋ ነው። ስድቡን አጥበሽ፣ ወዙን ሳታስቀሪ፣ ሁለቱንም አስቀሽ ትዘፍኚዋለሽ። ከተሳካ ሽልማቱ ግንባርሽ ላይ ይለጠፋል። ካልተሳካ ጠርሙስ ይነሳል። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት አላየሁም።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ቴአትር ስናሳይ ባሌን የሚጫወተው ልጅ ቃሉ ጠፋበት። ዝም። አዳራሹም ዝም። «ምነው አባወራው፣ ዛሬም ጠጥተህ ነው የመጣኸው?» አልኩት። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም በሳቁ መሃል ቃሉን አገኘው። ደራሲው ኮስተር ብሎ «ይሄ ከየት መጣ?» አለኝ። ከቤቴ ነዋ! በሚቀጥለው ትርዒት ግን መስመሯን ጽፎ አስገባት። ያለ ክፍያ፣ ልብ በሉልኝ።

ቤቱን የዘጋሁት ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ነው። ድምፄ ግን ገና አለ። በሉ ማሲንቆውን አምጡት። ግጥም ያለው ይስጠኝ፣ ስድቡን እያጠብኩ እቀበላለሁ።