ዓሣውን የሚጨርሰው ማን ነው? ስለ ባሕር አጥቢዎችና ስለ ንግድ ዓሣ አስጋሪዎች፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

(ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዲስ አበባ የደወሉ አባት፦ «ዓሣ ነባሪዎች በዓመት የሚበሉት መርከቦች ከሚያጠምዱት ይበልጣል ሲባል ሰማሁ። ታዲያ ቁጥራቸው ቢቀነስ ለሰው የሚተርፈው ዓሣ አይበዛም?»

መልስ፦ ብዙ መብላታቸው እውነት ነው፤ ችግሩ ከዚያ የሚወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው። በ2021 በወጣ ጥናት መሠረት በምሥራቃዊ ሰሜን ፓስፊክ የሚኖር አንድ ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በመመገቢያው ወቅት በቀን 16 ቶን ገደማ ይውጣል፤ ቀድሞ ይገመት ከነበረው ሦስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። የሚውጠው ግን ክሪል የምትባለውን ሽሪምፕ መሳይ ትንሽ ፍጡር ነው። በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ ክሪል ማጥመድ ከ2009 ጀምሮ ክልክል ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ቶን ከየትኛው አስጋሪ አፍ ተነጠቀ? ስፐርም የሚባለው ዓሣ ነባሪም ቢሆን አብዛኛው ምግቡ ስኩዊድ የሚባለው፣ አጥንት የሌለው ባለ ብዙ ክንድ የጥልቅ ባሕር እንስሳ ነው።

ስለዚህ «ስንት ቶን ይበላሉ?» ከማለት በፊት የት፣ መቼ፣ የትኛውን ዝርያና ምን ያህል ያደገውን ዓሣ እንደሚበሉ መጠየቅ ይገባል። በ2009 ተመራማሪዋ ሊያ ገርበርና ባልደረቦቿ ለሰሜን ምዕራብ አፍሪካና ለካሪቢያን ባሕሮች ባወጡት የኮምፒውተር ስሌት፣ ዓሣ ነባሪዎቹ ጨርሰው ቢጠፉ እንኳ ለገበያ የሚጠመደው ዓሣ እምብዛም አልጨመረም። ማጥመዱ ሲቀነስ ግን ጨመረ። ምክንያቱም ትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ወደ እንዲህ ያሉ ሞቃት ባሕሮች የሚወርዱት ለመራባት ነው፤ እዚያ ሳሉ የሚበሉት ጥቂት ነው።

ከኬፕታውን የደወለ ወንድማችን፦ «እዚህ ጀልበኞቹ አቆስጣዎች ሄክ የሚባለውን ዓሣ ጨረሱብን እያሉ ያማርራሉ። ቢገደሉ ምን ችግር አለው?»

መልስ፦ አቆስጣ (በእንግሊዝኛ «ሲል») ዓሣ እየበላ በባሕርና በዳርቻ የሚኖር አጥቢ እንስሳ ነው። ደቡብ አፍሪካ የአቆስጣ አደንን በ1990 አቁማለች፤ ጎረቤቷ ናሚቢያ ግን አሁንም ትፈቅዳለች። ጥያቄው በዚያ አካባቢ በደንብ ተሠርቶበታል። እዚያ «ሄክ» ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዓሣ ሳይሆን ሁለት ዝርያ ነው። አንደኛው ጥልቀቱ አነስ ባለ ውሃ፣ ሌላኛው ጠለቅ ብሎ ይኖራል። መኖሪያቸው በሚገናኝበት ቦታ ላይ የመጀመሪያው ዝርያ ትልልቆች የሁለተኛውን ትንንሾች ይበላሉ። አቆስጣው ደግሞ በብዛት የሚያገኘው የመጀመሪያውን ነው።

አሁን አቆስጣውን ቀንሱት እንበል። በላተኛው ሄክ ይበዛል፤ የጥልቁ ሄክ ጫጩት ይበላል፤ መርከቦቹ በብዛት የሚያጠምዱት ደግሞ ይህንኑ የጥልቁን ነው። ተመራማሪዎቹ አንድሬ ፐንትና ዳግ ባተርዎርዝ በ1995 ይህን ሲያሰሉ አቆስጣ መግደሉ ለሄክ አስጋሪው የሚያስገኘው ጥቅም ከቁጥር የማይገባ፣ ምናልባትም ጎጂ ሆኖ አገኙት።

ጀልበኞቹ ዋሹ ማለታችን ግን አይደለም። አቆስጣ ከመንጠቆ ላይ ዓሣ ነጥቆ ሲሄድ የዚያ ቀን ኪሳራ የእውነት ነው፤ እሱ የአንድ ጀልባ ጉዳይ ነው እንጂ የባሕሩ ሄክ አለቀ ማለት አይደለም። አቆስጣ ሁልጊዜ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም። በካናዳ በቅዱስ ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ክፍል፣ የኮድ ዓሣን መጀመሪያ ያመናመነው ከልክ ያለፈ ማጥመድ ነበር። ማጥመዱ ከቆመ በኋላም ግን ያደጉት ኮዶች ማለቃቸውን ቀጠሉ፤ የአገሩ ተመራማሪዎችም ዋናው ምክንያት ግራጫው አቆስጣ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። አንዴ እጅግ የተመናመነን ዓሣ፣ ድሮ የማያሳስበው በላተኛ እንዳያንሰራራ አድርጎ ይይዘዋል።

ከአሽቀሎን የደወለች እህታችን፦ «ዶልፊኖች መረብ የሚጎትቱትን መርከቦች ሲከተሉ አያለሁ። ዓሣ እየሰረቁ ነው?»

መልስ፦ በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ሞተው የተገኙ ዶልፊኖች ሆዳቸው ተመርምሯል። በብዛት የተገኘው ገበያ የማይፈልገው፣ እባብ የሚመስል ዓሣ ነው። መርከቡ አሸዋውን ሲያምስ የሚወጣውንና ከመረብ የሚያመልጠውን ይለቅማሉ፤ ከአስጋሪው ጋር የሚሻሙት ዓሣ ጥቂት ነው። በዚህ የሚጎዱት ራሳቸው ናቸው፤ መረብ ውስጥ ተይዞ ወደ ላይ መውጣት ያቃተው ዶልፊን አየር አጥቶ ይሞታል።

ከሲያትል የደወሉ አድማጭ፦ «ከዚህ ወደ አላስካ የሚሄዱ መርከቦች ለባሕር አንበሳ ሲባል እንዳያጠምዱ የተከለከሉበት ቦታ አለ ይባላል። ዓሣው ለሁሉም የሚበቃ ከሆነ ክልከላው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ በማክዶናልድስ ፊሌት-ኦ-ፊሽ ሳንድዊች ውስጥ የሚገባውን ፖሎክ የሚባል ዓሣ ያውቁታል። በአላስካና በሩሲያ መካከል ካለው ከቤሪንግ ባሕር በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ይወጣል። ስቴለር የሚባለው የባሕር አንበሳም ይበላዋል። ከዚህ የባሕር አንበሳ በምዕራብ በኩል የሚኖረው ክፍል ቁጥሩ ከ1970ዎቹ እስከ 2000 ድረስ 80 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ በ1997ም ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገባ። መንስኤው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ጠቅላላው ዓሣ መብቃቱ ብቻውን መልስ አይሆንም። የምታጠባ እናት ልጇን ዳርቻ ላይ ትታ ሩቅ መሄድ አትችልም፤ በአቅራቢያዋ የተሰበሰበውን ዓሣ መርከቦች በክረምት በጥቂት ቀን ቢያነሱት ከመቶ ማይል ወዲያ ያለው ሚሊዮን ቶን አይረባትም። ስለዚህ ደንቡ የተሠራው በቦታና በጊዜ ነው። በመውለጃና በማረፊያ ዳርቻዎች ዙሪያ 10፣ በአንዳንዱ ቦታ 20 የባሕር ማይል ድረስ ለፖሎክ መረብ መጎተት ክልክል ነው። የዓመቱ ኮታ 45 በመቶው ከጥር 20፣ ቀሪው 55 በመቶ ከሰኔ 10 ጀምሮ ይጠመዳል። የዓሣው ወላድ ክምችት ጭራሽ ባይጠመድ ኖሮ ይደርስበት ከነበረው 20 በመቶ በታች ከወረደ ደግሞ ማጥመዱ ይዘጋል።

ሌላም ነገር አለ፦ ፖሎክ ስቡ ትንሽ ነው። በምርምር ቦታ የተያዙ የባሕር አንበሶች ፖሎክ ብቻ ሲቀርብላቸው እየበሉም ከስተዋል፤ ስብ የሚበዛበት ሄሪንግ የሚባል ዓሣ ሲሰጣቸው ግን እንዲያ አልሆኑም።

እኚሁ አድማጭ ጨምረው፦ «ዘመዴ ብዙ መንጠቆ ባለበት ረጅም ገመድ ሴብልፊሽ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምድ ጀልባ ላይ ይሠራል። ዓሣ ነባሪ ከመንጠቆው ላይ እየለቀመ ይጨርስብናል ይላል።»

መልስ፦ ትክክል ነው። ኦርካዎች (ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባሉት) ከደረሱ ገመዱ ላይ የሚቀረው የዓሣው ከንፈር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የዕለቱ ምርት ከሲሶ በላይ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ስፐርም ዓሣ ነባሪ ደግሞ ገመዱን በመንጋጋው ይዞ ያወጥረዋል፤ ዓሣው ተፈናጥሮ ይወድቅለታል። ዓሣ ነባሪዎቹን የሚጠራቸው የጀልባው ድምፅ ነው። ገመድ ሲሰበሰብ ካፒቴኑ የሞተሩን ማርሽ ደጋግሞ ያስገባል፣ ያወጣል፤ ፕሮፔለሩ የሚያሰማው የአረፋ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ ማባረሩ ብዙም አልሠራም፤ ሲለምዱት የምግብ ደወል ይሆንላቸዋል። በ1995 ኮታው ለየግለሰብ ከተከፋፈለ በኋላ፣ የጥቂት ቀናት የነበረው ማጥመድ ወደ ስምንት ወር መራዘሙም ለዓሣ ነባሪዎቹ ሠርግና ምላሽ ሆኗል።

የሠራው መፍትሔ መንጠቆውን በወጥመድ መተካት ነው። በአላስካ ባሕረ ሰላጤ ከ2017 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ተጣጣፊው ቀላል ወጥመድ በትንሽ ጀልባም ስለሚጫን ቶሎ ተስፋፋ። ዘመድዎ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ወጥመዱ ከልክ በላይ ከቆየ የባሕር ቁንጫ የሚባሉት ተባዮች ዓሣውን እዚያው ይቦረቡሩታል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ወጥመድ ባልታከመ የጥጥ ክር የተሰፋ፣ ቢያንስ 46 ሴንቲሜትር የሚረዝም መክፈቻ ሊኖረው ግድ ነው። ወጥመዱ ጠፍቶ ባሕር ውስጥ ቢቀር ክሩ ይበሰብስና ዓሣው ይወጣል። በናይሎን ክር መስፋት ደንብ መጣስ ነው።

ከኦስሎ የደወለ አድማጭ፦ «የአንታርክቲክ ክሪል የሚጠመደው አንድ በመቶው ብቻ ነው ይላሉ። ታዲያ ለምን ይጮኻል?»

መልስ፦ ስሌቱ ልክ ነው። በደቡብ አትላንቲኩ ክፍል ክሪሉ 60 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተገምቷል፤ የማጥመጃው ጣሪያ 620 ሺህ ቶን ነው። ነገር ግን መርከቦቹም፣ ዓሣ ነባሪዎቹም፣ ፔንግዊኖቹም የሚሰበሰቡት በዚያ ሁሉ ባሕር ላይ ተበታትነው ሳይሆን ክሪሉ በተከማቸባቸው ጥቂት ቦታዎች ነው። ለዚህ ሲባል ጣሪያው በንዑስ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነበር፤ በአንታርክቲክ ልሳነ ምድር ዙሪያ ከ155 ሺህ ቶን ማለፍ አይቻልም ነበር። ክፍፍሉ በ2024 ጊዜው አለፈ፤ ማጥመዱን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን (CCAMLR) አባል አገራትም በምትኩ በሚሆን ደንብ አልተስማሙም። በቀጣዩ ወቅት ጣሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞልቶ ማጥመዱ በነሐሴ 2025 መጀመሪያ ተዘጋ፤ ወቅቱ ሊያበቃ ገና አራት ወር ገደማ ሲቀረው። አንድ በመቶ የሚለውን ቁጥር የሚያነሣ ሰው ሲገጥምዎ «ከየትኛው ንዑስ ክፍል፣ በየትኛው ወር?» ብለው ይጠይቁት።