ያቺ ግራጫ መኪና

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንዲት መኪና ላወራችሁ ነው። ያልገዛኋት መኪና ናት። ግን ከየካቲት ጀምሮ ከልቤ አልወጣችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የኔ መኪና ደግሞ ዝቅ ያለች ናት። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስወስዳት መውረዱ ፈተና ነው። በሩን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ፣ "እመብርሃን" እያለች ነው የምትነሳው። ስለዚህ ከፍ ያለ መኪና መፈለግ ጀመርኩ።

የያዝኩት 7 ሺህ ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ የሚገኝ ያገለገለ ቶዮታ ማይሉ ሰማይ ነክቷል። እዚህ ቨርጂኒያ፣ አንድ አነስተኛ መሸጫ ጋ ግን 2008 ሜርሴዲስ ኤም ኤል 350 አገኘሁ። ግራጫ፣ የቆዳ ወንበር፣ 118 ሺህ ማይል፣ 6 ሺህ 500 ዶላር። አዲስ ሳለች ከ40 ሺህ በላይ የምትሸጥ መኪና ናት። ሻጩ የኛው ሰው ነው። "እህቴ፣ ንፁህ መኪና ናት፣ ኢንስፔክሽን አልፋለች፣ ምንም አትፈልግም" አለኝ። ኢንስፔክሽን የሚለው ዓመታዊውን የመኪና ምርመራ ነው። 500 ዶላር ቀብድ ሰጠሁት። ማታ ለእናቴ ፎቶዋን ሳሳያት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ጊዜ አየችው።

በማግስቱ ለአንድ ቀን ተፈቅዶልኝ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ዋሽንግተንን የሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ቤልትዌይ ላይ፣ በ65 ማይል ነው የነዳኋት። ደስ ስትል! ይሄን አስታውሱልኝ።

መካኒኩን ጋሼ ነው የምላቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ሶማሌ ተራን እንደ ጓዳቸው ያውቁ የነበሩ ሰው ናቸው። ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ "ቪኑን አይተሽዋል?" አሉኝ። አላየሁም። በሾፌሩ በኩል በፊት መስታወቱ ሥር የሚታየው፣ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። የመንግሥቱ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ፣ ኤን ኤች ቲ ኤስ ኤ ነጥብ ጋቭ ማለት ነው፣ አስገባሁት። ደቂቃም አልፈጀ። ያልተሠራ ሪኮል፦ 1። ሪኮል ማለት ኩባንያው ለደህንነት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ መኪናውን ለጥገና መልሶ መጥራቱ ነው።

ጋሼ አነበቡትና ዝም አሉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈቱ።

ከሞተሩ ጀርባ፣ በሾፌሩ በኩል፣ ክብ ጥቁር ከበሮ የሚመስል ነገር አለ። የፍሬን ቡስተር ነው። እግራችን ፔዳሉን ሲረግጥ ጉልበት የሚጨምርልን እሱ ነው። እሱ ባይኖር ይሄን የሚያህል መኪና ለማቆም በሁለት እግር መቆም ያስፈልጋል። ዙሪያውን የጎማ ቀለበት ታጥቋል። ጋሼ ባትሪ አበሩና ያንን ጎማ በአውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ኋላ ገለጡት። ከሥሩ ቡናማ ነገር ረገፈ። እንደ ደረቀ ቅጠል ፍርክስክስ የሚል። ጣታቸውን አሳዩኝ። ዝገት ነው። "ልጄ፣ ይቺን መኪና አንቺ አትመልሻትም" አሉኝ። "በጎታች ነው የምትሄደው።"

ያን ጊዜ ነው ቤልትዌዩ ትዝ ያለኝ።

ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። ጉዳዩ በፈረንጆቹ 2022 ሜይ ላይ ይፋ የወጣ ነው። ከ2006 እስከ 2012 ሞዴል ያሉ ኤም ኤል፣ ጂ ኤል እና አር ክላስ መኪኖችን ይነካል። አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 292 ሺህ፣ በዓለም ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ከጎማው ቀለበት ሥር ውኃ ይጠራቀማል። ዓመታት ሲያልፉ ብረቱን ይበላዋል። ቡስተሩ አየር ማስገባት ሲጀምር ፍሬኑ ይደክማል። ዝገቱ ከባሰ ደግሞ በድንገት አጥብቆ ሲረገጥ ፔዳሉና ፍሬኑ እስከመለያየት ሊደርሱ ይችላሉ። ስትረግጡት "ሽ…" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ፔዳሉ ከለመዳችሁት በላይ ወደ ታች ከገባ፣ ምልክቱ ይሄ ነው። ኩባንያው ራሱ ያኔ ለባለቤቶቹ ያለው "አትንዱ" ነበር። መኪናውን በነፃ አስጎትቶ ይወስዳል፣ ያየዋል፣ የዛገ ከሆነ ይቀይራል። አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

በነፃ! ታዲያ ለምን አልተሠራም?

እኔ እንደሚገባኝ ደብዳቤው መንገድ ላይ ስለሚጠፋ ነው። የሪኮል ደብዳቤ የሚላከው በመዝገብ ላለው ባለቤት አድራሻ ነው። እነዚህ መኪኖች ደግሞ አራተኛ አምስተኛ ባለቤት ላይ ደርሰዋል። ከጨረታ ወደ መሸጫ፣ ከመሸጫ ወደ ሰው። እኛም አፓርታማ እንቀያይራለን፣ የፖስታ ሳጥን የምንከፍተው ለቢል ብቻ ነው። ርካሽ የቅንጦት መኪና ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው ደብዳቤ የማይደርሰው ሰው እጅ ነው። ይሄ ያሳዝነኛል።

ኢንስፔክሽን አልፋለች መባሉም አያድንም። እሱ ሪኮል አያይም። ሕጉም ቢሆን አይከለክልም። አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሠራ መሸጥ አይቻልም። የኪራይ ድርጅቶችም ከፈረንጆቹ 2016 ወዲህ ሪኮሉ ሳይሠራ ማከራየት ተከልክለዋል። ያገለገለ መኪና ሻጭ ግን በፌዴራል ሕግ አይገደድም። መስኮቱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አይታችሁት ታውቃላችሁ? "አዝ ኢዝ" የሚለውን? እንዳለ ገዛህ፣ እንዳለ ወሰድክ ማለት ነው። እዚያው ወረቀት ላይ ሪኮል እንድናጣራ የሚመክር መስመር አለ። እኔ ወረቀቱን አይቼ ዋጋውን ብቻ ነው የፈለግኩት።

አሁን ስለ ሌሎቹ ችግሮች ልንገራችሁ። ሪኮል የሌላቸው፣ ግን ኪስ የሚያራግፉት። ሪኮል የሚወጣው ሕይወትን ለሚያሰጋ ጉድለት ነው እንጂ ለገንዘባችን አይደለም።

ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል ያሉ ኤም ኤል 350ዎች ሞተር ውስጥ ንዝረትን የሚያረጋጋ ባላንስ ሻፍት አለ። በተለይ ቀደም ብለው የተሠሩት ላይ፣ የዚህ ሻፍት ጥርስ ያለጊዜው ይበላል። ቼክ ኢንጂን የሚባለው የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ጥርሱ ራሱ ውድ ዕቃ አይደለም። ግን እሱ ጋ ለመድረስ ሞተሩ መውረድ አለበት። ጋሼ ከ4 ሺህ ዶላር በታች የሚነካው የለም አሉኝ። የ2008ቷ ደግሞ ድንበር ላይ ናት። እርግጠኛ ለመሆን የሞተሩን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

የአየር ሰስፔንሽን፣ በባሌስትራ ፋንታ በአየር የሚቆም ማለት ነው፣ ያለው ከሆነ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ሄዳችሁ እዩት። አንዱ ጥግ ዝቅ ብሎ ካደረ አየር ያፈስሳል። ምንጣፉንም በእጃችሁ ዳብሱት። የጣሪያው መስኮት የውኃ መውረጃ ቱቦ በቅጠል ሲደፈን ውኃው ወደ ውስጥ ይመጣል፣ የኤሌክትሪክ ነገሩን ያበላሻል። ሻጭ ሽቶ ይረጫል፣ እጅ ግን አይታለልም።

ኤርባግንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ጉዳይ ኤም ኤል ብቻ አይደለም። ቢ ኤም ደብሊው ኤክስ 5፣ ሌክሰስ ጂ ኤክስ፣ ሬንጅ ሮቨር፣ ሁሉም በየዓመተ ምርታቸው ገብተውበታል። አሜሪካ ውስጥ ወደ 67 ሚሊዮን የሚጠጋ ኤርባግ ነው የተጠራው። ውስጡ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በእርጥበት እያረጀ ይሄዳል። ግጭት ሲመጣ ከመጠን በላይ ይፈነዳና የብረቱን ቆርቆሮ ወደ ሰው ይረጨዋል። ቀላል ግጭት ላይ ሰው ገድሏል። ቪኑን ስታስገቡ እሱም አብሮ ይወጣል።

አዲስ አበባ ለምትሰሙኝ አንድ ነገር ልበል። አጎቴ እዚያ 2007 ኤም ኤል ይነዳል። ከዱባይ የገባች ናት። ይሄ ሞዴል አላባማ፣ ቱስካሉሳ አጠገብ ተሠርቶ ነው በዓለም የተበተነው። ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ለዱባይና ለአካባቢዋ የዓረብ አገሮች የተሠራ መኪና የአሜሪካው ገጽ ላይ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ አጎቴን "መካኒክህ ያንን የቡስተር ጎማ ገልጦ ይየው" አልኩት። የሌላውን አላውቅም፣ እሱ ግን በነጋታው አስደረገ። ደህና ነው።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። ሻጩ ጋ ደወልኩ። ስለ ሪኮሉ ነገርኩት። "እህቴ፣ ይሄን ማንም አይጠይቅም" አለኝ። መኪናዋ ተጎትታ ሄደች። ቀብዴን ግን መለሰልኝ፣ ይሄን መካድ አልችልም። እኔም "እግዚአብሔር አወጣኝ" ብዬ ተገላገልኩ።

ግን ቆይቶ አንድ ነገር ገባኝ። ከዚያች መኪና ችግሮች ሁሉ በነፃ የሚሠራው አንዱ ያ ነበር። ሰው የሚገድለውም ያው ነበር። እኔ የሸሸሁት በእርግጥ የሞተሩን 4 ሺህ ዶላር ነው። ፍሬኑን ደውዬ ማሠራት ነበረብኝ። ወይም ሻጩ እስኪያሠራው ድረስ መጨቅጨቅ ነበረብኝ። የኔ ስላልሆነች ተውኳት። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ ቦታዋ ባዶ ነው። ተሸጣለች።

ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ። የቪኑ ፎቶ። ያ ገጽ ባለቤት ነሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ ማንም ማየት ይችላል። መጀመሪያ በወር አንዴ ነበር የማየው፣ አሁን በየሳምንቱ ሆኗል። ለእናቴ ሌላ መኪና ገዝቼላታለሁ፣ እሑድ እሑድ ቁጭ ብላ ትገባለች። እሷን አስገብቼ በሩን ስዘጋ ያቺን መኪና አስባለሁ። ማን ይሆን የሚነዳት? ከጎኑስ ማን ይቀመጣል?

ትናንት ማታም አየሁት። ያልተሠራ ሪኮል፦ 1 ነው የሚለው።

2008 ኤም ኤል 350 ናት። ግራጫ። በግራ በኩል የኋላው በር ላይ፣ ከእጀታው በታች፣ በቁልፍ የተጫረ የሚመስል ረጅም ጭረት አላት። ከየካቲት ወዲህ ቨርጂኒያ ውስጥ የገዛችኋት ከሆነ፣ ወይም ጎረቤታችሁ፣ ወይም አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ይቺን መኪና ከያዘ፣ እባካችሁ አትንዷት። ሜርሴዲስ ጋ ደውሉ፣ መጥተው ይጎትቷታል።